ለቤተሰብ የተራራ ጉዞ የትኛውን የስላይድ ፊልም እንምረጥ?

አንድ ቤተሰብ ስንቁንና ድንኳኑን አዝሎ፣ ከደባርቅ ተነሥቶ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን በእግር ሊጎበኝ ተሰናዳ እንበል። አባት ከአያት የወረሰውን ባለ 35 ሚሊ ሜትር ካሜራ አንግቷል። የቤተሰቡ ምኞት ጉዞውን በባለ ቀለም ስላይድ አንሥቶ፣ ሲመለስ ነጭ አንሶላ ግድግዳ ላይ ወጥሮ፣ መራመድ ለተሳናቸው አያት ተራራውን ቤታቸው ድረስ ማምጣት ነው። እንዲህ ያለ ጉዞ በየዓመቱ አይገኝም፤ ልጆቹም በዚህ ዕድሜያቸው ዳግም አይገኙም። ስለሆነም የፊልሙ ምርጫ በችኮላ የሚወሰን አይደለም። በዚህ ጽሑፍ ምርጫው በምን ሳይንሳዊ መሠረት ላይ ሊቆም እንደሚገባው እንመለከታለን።

ስላይድ ፊልም እንዴት ይሠራል?

በተለመደው ኔጋቲቭ ፊልም ላይ ብሩህ የነበረው ጨለማ፣ ጨለማ የነበረው ብሩህ ሆኖ ይቀረጻል፤ ትክክለኛው ምስል የሚገኘው በወረቀት ላይ ሲታተም ነው። በስላይድ ግን በካሜራው ውስጥ የነበረው ፊልም ራሱ የመጨረሻው ምስል ይሆናል። ፊልሙ ለሰማያዊ፣ ለአረንጓዴና ለቀይ ብርሃን የተዘጋጁ፣ የብር ሃላይድ ክሪስታሎችን የያዙ ስስ ንብርብሮች አሉት። ኢ-6 በተባለው የማጠቢያ ዘዴ፣ 38 ዲግሪ ሴልሺየስ የሞቀው የመጀመሪያው ኬሚካል ብርሃን ያገኙትን ክሪስታሎች ወደ ብር ይለውጣቸዋል። ቀጥሎ ብርሃን ሳያገኙ የቀሩት በተራቸው ይለወጣሉ፤ ቢጫ፣ ማጀንታና ሳያን ቀለሞች የሚፈጠሩት በዚህ ጊዜ ነው። በመጨረሻም ብሩ በሙሉ ታጥቦ ይወጣና ቀለሙ ብቻ ይቀራል።

ከዚህ አንድ ትልቅ ነገር ይከተላል። ብርሃን ከልክ በላይ ያረፈበት ቦታ ቀለም የሚፈጥር ክሪስታል አይተርፈውም፤ ፊልሙ እንደ መስታወት ይጠራል። አንዴ የጠራውን ደግሞ የትኛውም ባለሙያ ሊመልሰው አይችልም። በኔጋቲቭ ፊልም የተሠራ ስሕተት በኅትመት ጊዜ ሊታረም ይችላል፤ በስላይድ የሚፈረደው ግን መዝጊያው በተከፈተባት ቅጽበት ነው።

የተራራው ብርሃን ፈተና

የስላይድ ፊልም በዝርዝር ሊይዝ የሚችለው የብርሃን ልዩነት ከአምስት እስከ ስድስት ደረጃ ገደማ ነው። እያንዳንዱ ደረጃ የብርሃን እጥፍ በመሆኑ አምስት ደረጃ 32 እጥፍ፣ ስድስት ደረጃ ደግሞ 64 እጥፍ ማለት ነው። በቀትር ፀሐይ በሚያበራው ደመናና በባርኔጣ ጥላ ሥር ባለው የልጅ ፊት መካከል ያለው ልዩነት ከዚህ በቀላሉ ይበልጣል። የካሜራው መለኪያ ደመናውን ተከትሎ ብርሃኑን ከቀነሰ፣ ጠይሙ ፊት ዐይኑ እንኳ የማይለይ ጥቁር ጥላ ይሆናል። ፊቱን ከተከተለ ደግሞ ሰማዩ ባዶ ይቀራል።

ሁለተኛው ፈተና ሰማያዊነት ነው። የአየር ሞለኪውሎች ብርሃንን የሚበትኑት ከሞገድ ርዝመቱ አራተኛ ርቢ ጋር በተገላቢጦሽ ነው። በዚህ መሠረት 400 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ብርሃን 700 ናኖ ሜትር ካለው ይልቅ ዘጠኝ እጥፍ ያህል ይበተናል። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥርም አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ የራስ ደጀን ጫፍ ደግሞ ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። ፊልሙ የተዘጋጀው 5,500 ኬልቪን ለሆነ የቀን ብርሃን ነው። ከሰማዩ ብቻ ብርሃን የሚያገኝ ጥላ ግን ከ10,000 ኬልቪን ሊያልፍ ይችላል። ዐይናችን ራሱን ከሁኔታው ጋር ስለሚያላምድ ልዩነቱን አያስተውለውም፤ ፊልሙ ግን ሰማያዊ አድርጎ ይመዘግበዋል። ለዚህም መድኃኒቱ በሌንሱ ላይ የሚገጠም የስካይላይት ማጣሪያ ነው።

የትኛው ፊልም?

የቀድሞው ዝነኛ ኮዳክሮም እ.ኤ.አ. በ1935 የወጣ ሲሆን፣ የፈለሰፉት ሊዮፖልድ ማንስና ሊዮፖልድ ጎዶቭስኪ ሙዚቀኞችም ነበሩ። ምርቱ እ.ኤ.አ. በ2009 አብቅቶ፣ በ2010 መጨረሻ የመጨረሻው ማጠቢያ ቤት ፊልሙን መቀበል አቆመ። ስለዚህ ከአያት ሣጥን የተገኘ ያልተነሣበት ኮዳክሮም ቢኖር ማስታወሻ ይሁን እንጂ ለጉዞ አይያዝ።

ዛሬ ምርጫው ጠባብ ነው። የፉጂ ቬልቪያ 50 እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣ ሲሆን ቀለሙ ደማቅ፣ የብርሃንና የጥላ ልዩነቱም ጎላ ያለ ነው። ለገደልና ለጅብራ ተክል ያምራል፤ የሰውን ቆዳ ግን ያቀላዋል፤ ጥላውንም ያጠቁረዋል። የፉጂ ፕሮቪያ 100ኤፍ እና እ.ኤ.አ. በ2012 ተቋርጦ በ2018 የተመለሰው የኮዳክ ኤክታክሮም ኢ100 ቀለማቸው የረጋ፣ ቅንጣታቸውም እጅግ የደቀቀ ነው።

ፍጥነታቸውም ይለያል። ሸክም ለመቀነስ የካሜራ መቆሚያ ያልያዘ ቤተሰብ፣ በሳንቃበር ወይም በግጭ ሰፈር ማለዳ ላይ የሌንሱን ቀዳዳ 2.8 አድርጎ ቢያነሣ፣ በ100 ፊልም 1/30 ሰከንድ የሚያስፈልገው ምስል በ50 ፊልም 1/15 ሰከንድ ይጠይቃል። በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ የእጅ መንቀጥቀጥ ምስሉን እንዳያደበዝዝ የሚመከረው ግን ከ1/50 ሰከንድ ያላነሰ ፍጥነት ነው። ስለዚህ 1/30ን ትንፋሽን ይዞ ድንጋይ ተደግፎ መሞከር ይቻላል፤ 1/15 ግን አብዛኛውን ጊዜ ምስሉን ያባክናል።

ስለዚህ የኛ አስተያየት ይህ ነው፦ የሚመረጠው ፊልም ገደሉን ይበልጥ የሚያሳምረው ሳይሆን የሰዎቹን ፊት የማያበላሸው ይሁን። ፕሮቪያ ወይም ኤክታክሮም ለቤተሰብ ይሻላል። አንድ ጥቅል ቬልቪያ ለመልክዓ ምድሩ ብቻ ሊታከል ይችላል።

ከጉዞው በፊትና በጉዞው ላይ

ፊልሙ ሳይገዛ በፊት በኢ-6 ዘዴ የሚያጥብ ቤት የት እንዳለ ይረጋገጥ። በአውሮፕላን የሚሄድ ሰው ፊልሙን በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አያስገባ፤ በእጁ ይዞ በዐይን እንዲታይለት ይጠይቅ። ሲቲ ስካነር የተባለው የፍተሻ መሣሪያ ፊልምን ሊያበላሽ ይችላልና።

የሰው ፎቶግራፍ ከቀትር ይልቅ ጠዋትና ማታ፣ ወይም በሰፊ ጥላ ውስጥ ሰማዩን ከምስሉ አስወጥቶ ይነሣ። ብርሃኑም ወደ ፊቱ ተጠግቶ ይለካ። የመለኪያው ባትሪ ቢያልቅ፣ በጠራ ፀሐይ የሌንሱን ቀዳዳ 16፣ መዝጊያውን ከፊልሙ ፍጥነት ጋር ማቀራረብ ይበቃል፤ ለ100 ፊልም 1/125 ሰከንድ ማለት ነው።

ከሁሉም በላይ አንድ ጥቅል ፊልም ከጉዞው አስቀድሞ በቤትና በሰፈር ተነሥቶ ይታጠብ። የቆየ ካሜራ መዝጊያው ሊዘገይ፣ መለኪያውም ሊዋሽ ይችላል። ያን ስሕተት በግቢያችን ብናውቀው የምናጣው 36 ምስል ነው፤ ከስሜን ተመልሰን ብናውቀው ግን አያት የሚያዩት ባዶ አንሶላ ይሆናል።