ሽቦ ሳይቆረጥ ኮረንቲን መለካት

በፊዚክስ ትምህርት ተማሪው አስቀድሞ የሚተዋወቀው አምፔር ሜትር ከኤሌክትሪክ ዑደቱ ጋር በተከታታይ የሚያያዝ ነው። ይኸውም ሽቦው አንድ ቦታ ላይ ተቆርጦ መሣሪያው በመካከሉ ይገባል ማለት ነው። በባትሪ ድንጋይና በትንሽ አምፖል ለሚደረግ ሙከራ ይህ አያስቸግርም። በሥራ ላይ ያለን የእህል ወፍጮ ሞተር ግን እንዴት አድርገን እንለካዋለን? ወፍጮው ሊቆም፣ ሽቦው ሊፈታ ነው። ሽቦዎቹም በጠባብ ሳጥን ውስጥ ተጨናንቀው ስለሚገኙ ሥራው አድካሚ ብቻ ሳይሆን አደገኛም ይሆናል። የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ክላምፕ ሜትር የሚሉት የእጅ መሣሪያ ለዚህ ችግር የተበጀ ነው።

ጫፉ እንደ ጉጠት ይከፈታል፤ ሽቦውን በመሐሉ አስገብቶ ይዘጋል። ሽቦው ልባሱን እንደለበሰ ነው፤ የሚቆረጥም የሚላጥም ነገር የለም። ታዲያ መሣሪያው ሳይነካው ኮረንቲውን በምን ያውቃል?

ዴንማርካዊው ኧርስትድ እ.ኤ.አ. በ1820 እንዳሳየው ኮረንቲ የሚሄድበት ሽቦ በዙሪያው የማግኔት መስክ ይፈጥራል። ፋራዴይም በ1831 የሚለዋወጥ የማግኔት መስክ በጥምጥም ሽቦ ውስጥ ኮረንቲ እንደሚያስነሣ አረጋገጠ። የጉጠቱ መንጋጋ ውስጡ ብረት ሲሆን በላዩ ሽቦ ተጠምጥሞበታል። ስለዚህ የሚለካው ሽቦ እንደ አንድ ዙር ሆኖ ከጥምጥሙ ጋር ትራንስፎርመር ይሠራል። ጥምጥሙ 1000 ዙር ቢኖረው፣ በሽቦው 20 አምፔር ሲያልፍ በጥምጥሙ 20 ሚሊ አምፔር ያህል ይገኛል። ይህ የሚሠራው ለተለዋዋጭ ኮረንቲ ብቻ ነው። የመኪና ባትሪን ቀጥታ ኮረንቲ ለመለካት ኤድዊን ሆል በ1879 ባገኘው ክስተት የሚሠራ ዓይነት ያስፈልጋል።

ጉጠቱ በማይገባበት ጠባብ ቦታ እንደ ገመድ የሚተጣጠፍ፣ ብረት የሌለው ጥምጥም ይጠቅማል፤ ሮጎውስኪና ሽታይንሃውስ በ1912 የገለጹት ነው። በየትኛውም ቢሆን መንጋጋው አጥብቆ ካልገጠመ፣ ቆሻሻም ከገባበት ንባቡ ይሳሳታል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። ጀማሪ ሁሉ የሚሠራው ስሕተት አለ። 2200 ዋት የሚፈጅ የውሃ ማፍያ በ220 ቮልት ሲሠራ 10 አምፔር ይወስዳል። ተማሪው ግን ገመዱን በሙሉ በጉጠቱ ይይዝና ዜሮ ያነባል! በገመዱ ውስጥ ሁለት ሽቦዎች አሉ፤ በማናቸውም ቅጽበት ኮረንቲው በአንዱ ሲሄድ በሌላው ይመለሳል፤ መስኮቻቸውም ይጣፋሉ። መያዝ ያለበት አንዱ ሽቦ ብቻ ነው። ለትምህርት ቤት አንድ ባለሙያ ሁለቱን ሽቦዎች ለየብቻ ያወጣበት አጭር ማራዘሚያ ቢያዘጋጅ መልካም ነው። አንደኛው ሽቦ በመንጋጋው 10 ጊዜ ከተጠመጠመ 0.45 አምፔር የሚወስደው የ100 ዋት አምፖል 4.5 ሆኖ ይነበባል፤ ለ10 ማካፈል ነው።

ሁለተኛው ዜሮ ግን ሰው ይገድላል። ምድጃው ከጠፋ በሽቦው ኮረንቲ አይሄድም፤ ክላምፕ ሜትሩም ዜሮ ይላል። 220 ቮልቱ ግን እዚያው ነው፤ የሚጠብቀው የሚነካውን እጅ ነው። ስለሆነም ሽቦ «ሞቷል» የሚባለው ብሬከሩ ወርዶ በቮልት መለኪያ ሲረጋገጥ እንጂ በክላምፕ ሜትር አይደለም። የብሬከር ሳጥን መክፈትም የባለሙያ ሥራ ነው፤ ለተማሪ አይፈቀድም።

የመጀመሪያው ዜሮ ግን ጥቅም አለው። ሁለቱ ሽቦዎች አብረው ተይዘው ንባቡ ዜሮ ካልሆነ፣ ከሄደው ኮረንቲ ከፊሉ በሌላ መንገድ፣ ምናልባትም በእርጥብ ግድግዳ ወይም በምጣዱ ቆርቆሮ በኩል ወደ መሬት አምልጧል ማለት ነው። ለዚህ ሚሊ አምፔር የሚያነብ ልዩ ክላምፕ ሜትር አለ። ሰውን ከኮረንቲ ለማዳን የሚገጠመው፣ ብዙውን ጊዜ በ30 ሚሊ አምፔር የሚወርደው ብሬከርም ይህንኑ ልዩነት ሲጠባበቅ ይውላል።