ፍላሽ ሲግል ጥፋቱ የማን ነው?

ጥምቀት ባለፈ በነጋታው ቅዳሜና እሑድ ቦሌ አካባቢ መኪና ይዞ የወጣ ሰው ያውቀዋል። ከመገናኛ በሲኤምሲ አድርጎ እስከ አያት፣ ከቦሌ መድኃኔዓለም እስከ ገርጂ ድረስ ክላክስ እያሰማ የሚያልፈው የሠርግ አጀብ ማለቂያ የለውም። ዐቢይ ጾም ሳይገባ መዳር ያለበት ይዳራል፤ ያልደረሰለት ዳግማ ትንሣኤን ይጠብቃል። አዳራሹ፣ ዲኮሩ፣ ኬኩ፣ መኪናው ወራት ቀድሞ ይያዛል። ከዚህ ሁሉ ወጪ ከሠርጉ በኋላ በእጅ የሚቀረው ግን ፎቶውና ቪዲዮው ብቻ ነው።

ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ሕግ በመማሬ ብቻ ዘመድ ወዳጅ ከሚያመጣልኝ ጥያቄዎች አንዱ “ፎቶ አንሺውን ልክሰሰው ወይ?” የሚለው ሆኗል። የፎቶ አንሺዎቹ መልስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው፤ “ፍላሹ ሞቆ አልሠራም አለ”። አንዱን በዓይኔ አይቻለሁ። ገርጂ በሚገኝ አንድ አዳራሽ፣ የዘመድ ሠርግ ላይ፣ ሙሽሮቹ ቢላዋውን ይዘው ኬኩ ላይ ሲያጎነብሱ ልጁ ካሜራውን ቢያነሣም ብርሃን የለም። “ምነው?” ስለው “ጋሼ፣ ፍላሹ ግሏል፤ ትንሽ ይረፍ” አለኝ። ኬኩ ግን እስኪያርፍ አልጠበቀውም፤ ተቆረሰ።

ልጁ ያለኝ እውነት ነበር። ፍላሽ ይግላል። ለምን እንደሚግል ሳይገባን ደግሞ ጥፋቱ የማን እንደሆነ መናገር አንችልም።

ካሜራ ላይ የሚሰካው ፍላሽ በውስጡ ዜኖን የተባለ ጋዝ የያዘች ትንሽ የመስተዋት ቱቦ አለችው። ባትሪዎቹ አነስተኛ ቮልቴጅ ነው ያላቸው፤ ዳግመኛ የሚሞሉት ባትሪዎች እያንዳንዳቸው 1.2 ቮልት ስለሆኑ አራቱ ተደምረው 4.8 ቮልት ይሆናሉ። መሣሪያው ይህን ወደ 300 ቮልት ገደማ ያሳድግና ካፓሲተር ውስጥ ያጠራቅመዋል። ፎቶ አንሺው ሲጫን የተጠራቀመው ሁሉ በሰከንድ አንድ ሺኛ በሚሆን ጊዜ ውስጥ በቱቦዋ ያልፋል። ትልልቆቹ ፍላሾች በሙሉ ኃይል ሲበሩ በአንድ ጊዜ የሚያወጡት 70 ጁል አካባቢ ነው። በራሱ ሲታይ ትንሽ ነው። ነገር ግን “ሙሽሮቹ ወደዚህ!”፣ “ሚዜዎች ብቻ!”፣ “አሁን የአጎት ልጆች!” እየተባለ በደቂቃ 20 ጊዜ ቢበራ 1,400 ጁል ይሆናል። ይህ በአማካይ ከ20 ዋት በላይ ነው፤ ሬዲዮ ጠጋኞች ከሚይዙት አነስተኛ መበየጃ ጋር ይቀራረባል ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ ቀላል የማይባለው ክፍል ብርሃን ሆኖ አይወጣም፤ ሙቀት ሆኖ በፕላስቲክ በተዘጋች ጭንቅላት ውስጥ ይቀራል። ባትሪዎቹም ካፓሲተሩን በሦስት በአራት ሰከንድ ለመሙላት ብዙ ኮረንት ስለሚተፉ በበኩላቸው ይግላሉ።

ለነገሩ ይህ የተሰወረ ምሥጢር አይደለም። ካኖን ለ580 ኢኤክስ ፍላሹ ባዘጋጀው መመሪያ ላይ በተከታታይ ከ20 ጊዜ በላይ አታብሩ፣ ከዚያ በኋላ ቢያንስ 10 ደቂቃ አሳርፉ ብሏል። ኒኮንም ለራሱ ፍላሾች ተመሳሳይ ማስጠንቀቂያ ሰጥቷል። ችግሩ መመሪያውን የሚያነበው ማን ነው የሚለው ነው። አዲስ አበባ ከሚሸጡት ፍላሾች ብዙዎቹ ከዱባይ በሻንጣ የመጡ፣ ወይም በሁለተኛና በሦስተኛ እጅ የተላለፉ ናቸው፤ መመሪያው የት እንደቀረ ሻጩም አያውቅም።

በዚህ ጉዳይ በዓለም ላይ ብዙ ያነጋገረው ኒኮን እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው ኤስቢ 900 ነው። መሣሪያው የራሱን ሙቀት እየለካ በመስኮቱ ላይ በቴርሞሜትር ምስል ያሳይ ነበር፤ ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍም ራሱን ያጠፋል። ሐሳቡ መልካም ነበር። የሠርግ ፎቶ አንሺዎች ግን ተማረሩ፤ ራሱን የሚያጠፋው በጣም በሚፈለግበት ሰዓት ነውና። አንዳንዶቹ ከሜኑው ገብተው ጥበቃውን ዘጉት። የዚህ ዋጋ የፍላሹ ፊት መቅለጥ ወይም የቱቦዋ መቃጠል ሊሆን ይችላል። ኩባንያው ከሦስት ዓመት በኋላ ባወጣው ኤስቢ 910 ላይ ሐሳቡን ቀየረና ፍላሹ ሲሞቅ በአንድ ጊዜ እንዳይጠፋ፣ ይልቁንም የመሙያ ጊዜው እየረዘመ እንዲሄድ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ኤስቢ 5000 ደግሞ የማቀዝቀዣ ሥርዓት በውስጡ ይዞ መጣ። ዛሬ ከተማችንን ያጥለቀለቁት የቻይናዎቹ ጎዶክስ ፍላሾች በሊቲየም ባትሪ ስለሚሠሩ ቶሎ ይሞላሉ። ቶሎ መሙላት ደግሞ ቶሎ መጋል ነው። በድሮ ተራ ባትሪ የሚሠራ ፍላሽ እስኪሞላ ሲያንቀላፋ ፎቶ አንሺው ይበሳጭ ነበር፤ ያ ማንቀላፋት ግን ሳይታሰብ ማቀዝቀዣው ሆኖ ያገለግል ነበር።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንምጣ። ፍላሽ እንዲግል ከሚያደርጉት ነገሮች ዋነኛው አዳራሹ ነው። ጎበዝ ፎቶ አንሺ ፍላሹን በቀጥታ ሙሽራዋ ፊት ላይ አያበራም፤ ፊቷ እንዳይነጣና ጥላዋ ግድግዳ ላይ እንዳይጋደም ወደ ኮርኒሱ አዙሮ ያበራል። ብርሃኑ ከነጩ ኮርኒስ ላይ ነጥሮ ለስለስ ብሎ ይወርዳል። ኮርኒሱ ነጭና ዝቅ ያለ ከሆነ ይህ ግሩም ዘዴ ነው። ይሁንና ብርሃኑ የሚጓዘው መንገድ ስለሚረዝምና የተወሰነው ኮርኒሱ ላይ ስለሚቀር፣ በቀጥታ ከማብራት ጋር ሲወዳደር አራት እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ኃይል ይጠይቃል። ርቀት በእጥፍ ሲጨምር የሚደርሰው ብርሃን ሩብ እንደሚሆን ፊዚክስ የተማረ ሁሉ ያስታውሳል።

ታዲያ ሚሌኒየም አዳራሽን አስቡት። የ2000 ዓ.ምን መባቻ ለማክበር የተሠራው ይህ አዳራሽ ጣሪያው ሰማይ ጠቀስ ነው። እዚያ ቆሞ ፍላሹን ወደ ጣሪያ የሚያዞር ፎቶ አንሺ አየሁ፤ ብርሃኑ ወደ ላይ ሄዶ አልተመለሰም። ካሜራው ብርሃን አነሰኝ ሲል ፍላሹ በእያንዳንዱ ፎቶ ሙሉ ኃይሉን ይተፋል፤ ፎቶው ግን ያው ጨለማ ነው። በቦሌ መድኃኔዓለም ጉልላት ሥርም ነገሩ ያው ነው፤ ደግሞስ በቅዳሴና በተክሊል ሰዓት ፍላሽ ማብረቅረቅ ተገቢ ነው ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። (በእኔ እምነት አይደለም።) በሲኤምሲና በሰሚት ግቢዎች የሚተከለው ባለ ቀለም ድንኳን ደግሞ ብርሃኑን ከመዋጡም በላይ የሚመልሰውን በራሱ ቀለም ነክሮ ነው፤ ሙሽራዋ አረንጓዴ ሆና ብትወጣ ጥፋቱ የሜካፕ ባለሙያዋ አይደለም።

ከፍታችንም የራሱ ድርሻ አለው። ቦሌ ኤርፖርት ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው የሚጠጥረው። የጋለ ዕቃ የሚበርደው በአብዛኛው አየር ሙቀቱን ይዞለት ሲሄድ ነውና፣ የሳሳ አየር ያነሰ ይሸከማል። የጥር ሌሊት ብርድ ለውጪ ሰው ነው፤ 400 እንግዳ፣ የምግብ ማሞቂያና የቪዲዮ መብራት በተሞላ አዳራሽ ውስጥ ብርድ የለም። ከፍታው ብቻውን ፍላሽ ያቃጥላል ማለቴ አይደለም። የባሕር ጠረፍ ፎቶ አንሺ የሚተማመንበት ልክ ለእኛ ትንሽ ይጠብባል ለማለት ነው።

መፍትሔውስ? አብዛኛው ያለው ካሜራው ላይ ነው እንጂ ፍላሹ ላይ አይደለም። በፊልም ዘመን ከ100 ወይም ከ400 አይኤስኦ ማለፍ ፎቶውን ማሸዋ ስለነበር ብርሃኑን ሁሉ ከፍላሹ መጠበቅ ግድ ነበር። የዛሬ ካሜራ ግን 1600ን ያለ ችግር ይሸከማል። ከ400 ወደ 1600 ከፍ ማድረግ ከፍላሹ የሚፈለገውን ኃይል ወደ ሩብ ያወርደዋል። የሌንሱን ቀዳዳ ከኤፍ 5.6 ወደ ኤፍ 2.8 መክፈትም እንዲሁ ሌላ ሩብ ነው፤ ምንም እንኳ ሦስት ረድፍ ዘመድ ለተሰለፈበት ፎቶ ይህኛው ባይመከርም፣ የኋላው ረድፍ ይደበዝዛልና። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሠሩ ፍላሹ የሚያወጣው ከበፊቱ አንድ አሥራ ስድስተኛ ነው። ያን ጊዜ 20 ፎቶ ያነሣ ፍላሽ በሙቀት ረገድ ከአንድ ሁለት ፎቶ ብዙ ያልበለጠ ነው የሠራው። አንዳንድ ልጆች የድሮውን ቁጥር ይዘው እስከ ዛሬ የሚታገሉት ከአሠልጣኛቸው የወረሱት ስለሆነ ይመስለኛል።

ቀሪው ጥንቃቄ ነው። ሁለተኛ ፍላሽ ይዞ ማፈራረቅ፣ ቡድን በቡድን ሲነሣ በመሐል ማሳረፍ፣ የጋለውን ባትሪ አውጥቶ በሌላ መተካት። ለማቀዝቀዝ ብሎ ከለስላሳ መጠጥ ጋር በረዶ ውስጥ መክተት ግን ዕብደት ነው፤ እርጥበት ወደ ውስጥ ይገባል። ከፍቶ ለማየት መሞከር ደግሞ ከዕብደትም ይብሳል። ባትሪው ከወጣ በኋላም ካፓሲተሩ 300 ቮልቱን ይዞ ሊቆይ ስለሚችል ሰው ይጎዳል።

ወደ ጥያቄው ልመለስ። ፎቶ አንሺው በሕግ ይጠየቃል ወይ?

በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐብሔር ሕጋችን በቁጥር 2610 ላይ አንድ ወገን በራሱ ኃላፊነት የተወሰነ ውጤት ለማስገኘት፣ ሌላው ደግሞ ዋጋ ለመክፈል የሚገባውን ውል ይዘረዝራል። የሠርግ ፎቶ ውል በእኔ አስተያየት እዚህ ውስጥ ይወድቃል። ደንበኛው የገዛው የፎቶ አንሺውን መልፋት ሳይሆን ፎቶውን ነው። ስለዚህ ፎቶው ከሌለ ፎቶ አንሺው ነጻ የሚወጣው ከዐቅም በላይ የሆነ ነገር ገጠመኝ ብሎ ሲያስረዳ ነው። ሕጉ ደግሞ በቁጥር 1792 ከዐቅም በላይ የሚለው በመደበኛው ሁኔታ ሊገመት የማይችለውንና ግዴታን መፈጸም ፈጽሞ የሚያግደውን ነገር ነው። የመሬት መንቀጥቀጥ፣ የመብረቅ አደጋ፣ ድንገተኛ ከባድ ሕመም በምሳሌነት ተጠቅሰዋል። የፍላሽ መጋል ከእነዚህ ጋር ሊሰለፍ አይችልም። አምራቹ ራሱ ከ20 በኋላ አሳርፉ ብሎ የጻፈበት ነገር እንዴት “ያልተገመተ” ይሆናል? ሁለተኛ ፍላሽ ቦርሳ ውስጥ ቢኖር ኖሮ የሚታለፍ ነገርስ እንዴት “ፈጽሞ የሚያግድ” ይባላል?

ፎቶ አንሺዎችም የሚሉት አላቸው፤ ልንሰማቸው ይገባል። ዶላር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም በፊት 57 ብር አካባቢ ነበር፤ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ሁለተኛ ፍላሽ መግዛት ማለት ለጀማሪ ልጅ የብዙ ሠርግ ገቢ ነው። ቤተሰቡ ደግሞ ዋጋ ተከራክሮ አውርዶ፣ በ20 ደቂቃ ውስጥ 40 ጠረጴዛ አንሣልን ይላል። ይህ ሁሉ ዋጋ ሲነገር የሚነሣ ክርክር ነው። ቀብድ ከተቀበሉ በኋላ መከላከያ አይሆንም።

ስለ ቀብድ ካነሣን፣ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። በቁጥር 1885 መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ካፈረሰ እጥፍ ይመልሳል፤ የሰጠው ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል። ይህ ግን ከውሉ ለወጣ ሰው ነው። መጥቶ፣ አምስት ሰዓት ቆሞ፣ ፍላሹ ስለጋለ የኬኩን ፎቶ ያላገኘ ሰው ከውሉ አልወጣም፤ ያጎደለው አፈጻጸሙን ነው። ስለዚህ “እጥፍ ይክፈለኝ” የሚለው አያስኬድም። መጠየቅ የሚቻለው የጉዳት ኪሣራ ነው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ መራራ የሚሆነው። የኬክ ቆረሳ ፎቶ የሌለው ቤተሰብ ጉዳቱ ስንት ብር ነው? ሕጉ የሚክሰው በመሠረቱ በገንዘብ የሚለካውን ጉዳት ነው፤ ለኅሊና ጉዳት የሚከፈለው በሕግ ተለይቶ በተነገረ ጊዜ ብቻ ነው። ያም ሲሆን የ1952ቱ ሕግ በቁጥር 2116 ያስቀመጠው ጣሪያ 1,000 ብር ነው። ዳኛ ከዋጋው ላይ የተወሰነውን አስመልሶ ቢያሰናብታችሁ አትደነቁ።

ከዚህ የሚያድነው ቁጥር 1889 ነው። ተዋዋዮች ግዴታው ሳይፈጸም ቢቀር የሚከፈለውን መቀጫ አስቀድመው በውላቸው መወሰን ይችላሉ፤ ከተወሰነም ጉዳቱን በብር ማስረዳት አያስፈልግም። ለጠያቂዎቼ የማረቅቅላቸው አንቀጽ አጭር ነው። ፎቶ አንሺው ሁለት የሚሠሩ ፍላሾችና መለዋወጫ ባትሪ ይዞ ይመጣል፤ የቀለበት፣ የኬክና የቤተሰብ ፎቶ በመሣሪያ ብልሽት ወይም መጋል ምክንያት ቢጎድል ይህን ያህል ብር ይመልሳል። ባለፈው ጥር ሁለት ቤተሰቦች ይህን ይዘው ወደ ፎቶ አንሺዎቻቸው ሄደው ነበር። አንደኛው ፎቶ አንሺ አንብቦ ፈረመ። ሁለተኛው “ፍላሽ ልግዛበት” ብሎ ትንሽ ዋጋ ጨመረና ፈረመ።