የደኅንነት ሥልጠናን ማን ይስጥ? የአሠልጣኝ ብቃትና የሠራተኛው መብት

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው ሠራተኞቹ ከሥራቸው ጋር ስለተያያዙ አደጋዎች ተገቢውን መመሪያ እንዲያገኙ የማድረግ፣ የአደጋ መከላከያ መሣሪያ የማቅረብና ስለ አጠቃቀሙም የማስረዳት ግዴታ ይጥልበታል። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155ም በአንቀጽ 19 ሠራተኞችና ወኪሎቻቸው ተገቢ የደኅንነትና የጤንነት ሥልጠና እንዲያገኙ ይጠይቃል። ይሁን እንጂ ሁለቱም አንቀጾች ሥልጠናውን የሚሰጠው ሰው ምን ዓይነት ዕውቀትና ልምድ ሊኖረው እንደሚገባ አይዘረዝሩም።

ይህ ክፍተት ከማስተማር ዘዴ አልፎ የሠራተኛውን የካሳ መብት ይነካል። በአዋጁ አንቀጽ 96 መሠረት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊ ነው። ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ላደረሰው ጉዳት ግን ኃላፊነት የለበትም፤ በግልጽ የተሰጠን የደኅንነት መመሪያ መጣስም ሆን ተብሎ እንደተፈጸመ ይቆጠራል። ስለዚህ ሠራተኛው ባልገባው ሥልጠና ላይ በተሳታፊነት ያኖረው ፊርማ፣ ጉዳት በደረሰበት ጊዜ መመሪያው ተሰጥቶት ነበር ለሚል ክርክር በማስረጃነት ሊቀርብበት ይችላል። መመሪያው በእርግጥ «በግልጽ» መሰጠቱ በአብዛኛው የሚወሰነው በአሠልጣኙ ብቃት ነው።

ብቃቱ በመጀመሪያ ሥራውን በተግባር ከማወቅ ይመነጫል። በግንባታ ቦታ «የደኅንነት ቀበቶ ታጠቁ» ማለት ቀላል ነው። ዋናው ጥያቄ ገመዱ የት ይታሰር የሚለው ነው። 2 ሜትር ርዝመት ያለው ገመድ በእግር ልክ ከታሰረ፣ የወደቀው ሰው ገመዱ እስኪወጠር ድረስ 3 ሜትር ያህል ይወርዳል፤ የቆመው ከመሬት በ3 ሜትር ከፍታ ላይ ከሆነ ቀበቶው ከመሬት አያድነውም። ከራስ በላይ በጠንካራ ነገር ላይ ሲታሰር ግን የመውደቂያው ርቀት በእጅጉ ይቀንሳል። በባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ የትኛው አግዳሚ የሰው ክብደት እንደሚችልና የትኛው እንደማይችል ለይቶ ማሳየት የሚችለውም ሥራውን የሚያውቅ አሠልጣኝ ነው።

ሁለተኛው መመዘኛ ለአዋቂዎች የማስተማር ችሎታ ነው። ከተለያዩ አካባቢዎች የመጡ የቀን ሠራተኞች በተሰበሰቡበት ቦታ መመሪያውን በአንድ ቋንቋ ብቻ ማንበብ ከፊሉን ሰሚ ከትምህርቱ ውጪ ያደርገዋል። በመሆኑም አሠልጣኙ ሠራተኛው በሚረዳው ቋንቋ ማስረዳት፣ ከዚያም እያንዳንዱ ሰው ድርጊቱን ራሱ ሠርቶ እንዲያሳይ ማድረግ ይኖርበታል። «ገብቷችኋል?» ለሚለው ጥያቄ በኅብረት የሚሰጥ «አዎ» የመረዳት ማረጋገጫ ሊሆን አይችልም።

ብቃትን በደንብ መወሰን እንደሚቻል የአሜሪካ ልምድ ያሳያል። በዚያች አገር የፎርክሊፍት ነጂዎችን የሚያሠለጥኑና የሚመዝኑ ሰዎች ለዚሁ የሚያበቃ ዕውቀት፣ ሥልጠናና ልምድ እንዲኖራቸው ደንቡ ያስገድዳል፤ የነጂው ብቃትም ቢያንስ በየ3 ዓመቱ ይመዘናል። በመንግሥት ፕሮግራም የግንባታ ደኅንነት አሠልጣኝ ለመሆን ደግሞ በመርሕ ደረጃ የ5 ዓመት የግንባታ ደኅንነት ልምድና ቅድመ ኮርስ ይጠየቃል፤ ፈቃዱም በየ4 ዓመቱ ይታደሳል። ይህ አሠራር እንዳለ ይቀዳ ባይባልም፣ ልምድን፣ የማስተማር ችሎታንና ወቅታዊነትን በአንድነት መመዘኑ ትምህርት ይሰጣል።

ሦስተኛው መመዘኛ የሥልጠናን ወሰን ማወቅ ነው። መደገፊያ የሌለው መወጣጫ ወይም መከለያ የተነሳለት ማሽን በንግግር አይስተካከልም። ብቁ አሠልጣኝ እንዲህ ያለውን ጉድለት ሲያይ «ተጠንቀቁ» ብሎ አያልፍም፤ አስቀድሞ መስተካከል ያለበትን ለአሠሪው ያሳውቃል። ለዚህም በአንቀጽ 92 መሠረት ከሚመደበው የደኅንነት ሠራተኛና ከሚቋቋመው ኮሚቴ ጋር ተቀናጅቶ መሥራት አለበት።

ዝርዝር መመዘኛ በመመሪያ እስኪወጣ ድረስ ድርጅቶች የሥልጠና መዝገባቸውን ከስም ዝርዝርና ከፊርማ ማሳደግ ይችላሉ። መዝገቡ የአሠልጣኙን ልምድ፣ ሥልጠናው የተሰጠበትን ቋንቋና እያንዳንዱ ሠራተኛ በተግባር ያሳየውን ቢይዝ፣ ግዴታውን የተወጣውን አሠሪም ሆነ መመሪያው በቅጡ ያልደረሰውን ሠራተኛ ይጠብቃል።