ዲስኬቱ ተነበበ፤ ፊደሉስ?

የሶማሌ ክልል መቀመጫ ከጎዴ ወደ ጅግጅጋ የዞረው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። የመንግሥት ጽሕፈት ከታይፕራይተር ወደ ኮምፒውተር የተሻገረውም፣ ሠራተኛው ዲስኬት በኪሱ ይዞ ከቢሮ ቢሮ የሚዞረውም በዚያው ዘመን ነበር። ከጅግጅጋ እስከ ቀብሪበያህና ቶጎ ውጫሌ፣ በመሳቢያ ጥግ የተረሳ ዲስኬት ካለ የዚያ ዘመን ደብዳቤና ሠንጠረዥ ሊኖርበት ይችላል።

የዲስኬቷን የብረት መዝጊያ በጣት ገፋ ሲያደርጉ ቡናማ ስስ ፕላስቲክ ብቅ ይላል። መረጃው ያለው እዚያ ላይ በተቀባው የማግኔት ዱቄት ነው። በሁለት ገጽ፣ በእያንዳንዱ ገጽ 80 ክብ መስመር፣ በየመስመሩ 18 ክፍል፣ በየክፍሉ 512 ባይት፤ ሲባዛ 1,474,560 ባይት ይሆናል። ዛሬ በስልክ የሚነሳ አንድ ፎቶ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ይበልጣል።

ዲስኩ በደቂቃ 300 ጊዜ ሲዞር የማንበቢያው ራስ በቀጥታ ይነካዋል። ስለዚህ አቧራ ወይም ሻጋታ ካለበት፣ ራሱ ቆሻሻውን እየጎተተ ሽፋኑን ይፍቀዋል፤ ቀጥሎ የሚገባውንም ዲስኬት ያበላሻል። ነጭ ነጠብጣብ የታየበትን ሳያጸዱ መክተት የለም።

ለንባቡ በዩኤስቢ የሚሰካ የዲስኬት (ፍሎፒ) ማንበቢያ ይበቃል። አስቀድሞ የዲስኬቷን የጥግ ቁልፍ ገፍቶ ቀዳዳውን መክፈት ያስፈልጋል፤ ያኔ ኮምፒውተሩ ሊጽፍባት አይችልም። «ፎርማት ይደረግ?» የሚል ጥያቄ ከመጣ መልሱ ምንጊዜም «አይ» ነው። ፋይሎቹን አንድ በአንድ ከመገልበጥ ይልቅ የዲስኬቱን ሙሉ ግልባጭ በአንድ ፋይል ማስቀረት ይሻላል። ዲዲሬስኪው የተባለው ነፃ ፕሮግራም ደህናውን ክፍል ቀድሞ ያነሳል፤ ወደ ተጎዳው ኋላ ተመልሶ ደጋግሞ ይሞክራል።

ብዙ ሰው ሥራው እዚህ ላይ ያለቀ ይመስለዋል። የአማርኛው ጣጣ ግን ገና መጀመሩ ነው። ሶማሊኛ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ የሚጻፈው በተራ የላቲን ፊደል ስለሆነ የድሮው ፋይል ዛሬም ሲከፈት ይነበባል። ክልሉ በሶማሊኛ ይሠራል፤ በዚያ ዘመን ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጋር የሚጻጻፈው ግን በአማርኛ ነበር። እናም ከአንድ ዲስኬት የወጣው የሶማሊኛ ደብዳቤ ደህና ሆኖ፣ የአማርኛው የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ሊመጣ ይችላል።

ምክንያቱ ይህ ነው። የዚያን ጊዜ ፎንት ቢበዛ 256 ቦታ ብቻ ነበረው፤ ከዚያም ላይ ሁሉም ለፊደል አይውልም። 33 ፊደላት በሰባት ቤት 231 ናቸው፤ ዲቃሎቹ፣ ቁጥሩና ሥርዓተ ነጥቡ ሲጨመሩ አይበቃም። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ፕሮግራሞች ፊደሉን በሁለትና ሦስት ፎንት ከፋፍለው፣ ወይም ከቁርጥራጭ ገጣጥመው፣ እያንዳንዳቸው በራሳቸው ቁጥር ይጽፉ ነበር።

ስለዚህ የአማርኛው ፋይል ዝብርቅርቅ ሆኖ ሲከፈት ሙሉውን መርጦ ፎንት መቀየር ትልቁ ጥፋት ነው። ፊደሉ በብዙ ፎንት ተከፋፍሎ ከነበረ አንዱ ቁጥር በአንደኛው ፎንት «ለ»፣ በሌላው «ጠ» ሊሆን ይችላል፤ ፎንቱ አንድ ሲደረግና ሲቀመጥ ልዩነቱ ይጠፋል። የሚሻለው ዋናውን ሳይነኩ ማስቀመጥ፣ የድሮውን ፎንት ፈልጎ መጫን፣ በትክክል መነበቡን አይቶ በፒዲኤፍ ማስቀረት፣ ከዚያ ያንን ፎንት በሚያውቅ መቀየሪያ ወደ ዩኒኮድ ማዞር ነው።

የመዝገብ ቤት ኃላፊዎች ሆይ፣ አሮጌ ኮምፒውተር በጨረታ ከመሸጣችሁ በፊት ውስጡ ያሉትን የአማርኛ ፎንቶች በፍላሽ ገልብጡ። ዲስኬቶቹ ቢተርፉም ያለ ፎንቶቹ የአማርኛውን ጽሑፍ ማንበብ ይቸግራል።