ከጭልፊት ጥፍር የተረፈች ዶሮ በካምፓላ

የኡጋንዳ ዋና ከተማ ካምፓላ በኮረብቶች ላይ የተሠራች ናት። ከነዚህም ኮረብቶች በላይ ጭልፊት ሲያንዣብብ የማይታይበት ቀን የለም። የአገሩ ሕዝብ በሉጋንዳ ቋንቋ ወፉን «ካሙንዬ» ይለዋል፤ በየመንገዱ እየተሽቀዳደሙ መንገደኛ ለሚለቅሙት አነስተኛ አውቶቡሶችም ይኸው ስም ተሰጥቷቸዋል። ስሙ እስከ አውቶቡስ የደረሰ ወፍ በዶሮ አርቢዎች ግቢ ምን ዓይነት ዝና እንዳለው ለመገመት አያስቸግርም።

ለካምፓላ ነዋሪ ዶሮ ማርባት የትርፍ ጊዜ መዝናኛ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1972 ኢዲ አሚን የእስያ ተወላጅ የሆኑትን ነጋዴዎች ከአገር ካስወጣ በኋላ ንግዱ ተናግቶ፣ ደመወዝም የወር ቀለብ መግዛት ባቃተው ጊዜ፣ ብዙ የከተማ ሰው በጓሮው ሙዝ ወደ መትከልና ዶሮ ወደ ማርባት አዘነበለ። ሥራው ለብዙ ዓመታት የከተማው ደንብ ሳይፈቅደው ሲሠራበት ከቆየ በኋላ፣ በ2006 የከተማው ምክር ቤት ስለ ከተማ እርሻና ስለ እንስሳት አያያዝ ደንቦች አውጥቶ በፈቃድ እንዲካሄድ አደረገ። ደንብ ከሥራው ኋላ ተከትሎ መምጣቱ በካምፓላ ብቻ የታየ ነገር አይደለም። ዛሬ ከተማይቱን የሚመራው የካምፓላ ዋና ከተማ ባለሥልጣን በኪያንጃ የእርሻ ማዕከል አቋቁሞ ለነዋሪው የዶሮ እርባታ ያስተምራል።

በጓሮ የምትረባ አንዲት እንቁላል ጣይ ዶሮ የልጅ ደብተርና የሳሙና መግዣ ናት። አውራው ዶሮ ደግሞ ከሥጋው ዋጋ የሚበልጥ ክብር አለው፤ በቡጋንዳ ልማድ በጋብቻ ጊዜ ሙሽራው ለሙሽሪት ወንድም አውራ ዶሮ ይሰጣል። ስለዚህ ቀን ጭልፊት ወይም ውሻ፣ ሌሊት ድመት ወይም ሸለምጥማጥ ከመንጋው ገብቶ አንዷን ባቈሰለ ጊዜ ባለቤቱ የሚያዝነው ስለ አንድ ወጥ ብቻ አይደለም። ሆኖም ብዙውን ጊዜ የሚያደርገው ከሁለት አንዱን ነው፤ ወይ ቢላዋ ያነሣል፣ ወይም «ትድናለች» ብሎ ከጓደኞቿ ጋር መልሶ ይለቃታል። ሁለቱም የችኮላ ፍርድ ነው።

የቈሰለች ዶሮ ያየ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው በትልቁ ቁስል ላይ ነው። ውሻ ጀርባዋን ገሽልጦት ሥጋዋ የታየ ዶሮ ተስፋ የሌላት ትመስላለች፤ ነገር ግን ጡንቻዋ ካልተበጠሰ፣ ቁስሏም ታጥቦ ከዝንብ ከተጠበቀ፣ ቆዳዋ ከዳር ወደ መካከል እየተሳበ በጥቂት ሳምንታት ሊገጥም ይችላል። በአንጻሩ የድመት ጥርስ የወጋት ዶሮ፣ ቀዳዳውን ላባዋ ስለሚሸፍነው ምንም ያልሆነች መስላ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ሞታ ልትገኝ ትችላለች። ድመትና ውሻ በአፋቸው ፓስቴሬላ የተባለ ጀርም ይይዛሉ፤ ቀጭኑ ጥርስ ይህን ጀርም ወደ ውስጥ አድርሶ ሲወጣ ቀዳዳው በላዩ ይዘጋል። ከዚህም በቀር ወፍ ከሳንባዋ ሌላ በደረቷና በሆዷ ውስጥ የተዘረጉ የአየር ከረጢቶች አሏት። ጥርስ ከነዚህ አንዱን የበሳ እንደሆነ አየሩ ከቆዳዋ ሥር ገብቶ ገላዋ እንደ ፊኛ ያብጣል። ስለዚህ ላባውን በጣት እየገለጡ መላ አካሏን፣ በተለይም ከክንፏ ሥርና ከጭራዋ በታች፣ መመርመር ይገባል። ትንሹ ቀዳዳ ከትልቁ ግሽላጭ ይልቅ ያስፈራል።

የመጀመሪያው ሰዓት ሥራ ግን መድኃኒት መቀባት አይደለም። ደም የሚፈስ ከሆነ በንጹሕ ጨርቅ ጫን አድርጎ ይዞ ማቆም፣ ከዚያም ዶሮዋን ከመንጋው መለየት ነው። ዶሮዎች ቀይ ነገር ሲያዩ ይጠቀጥቃሉ፤ ከጭልፊት ያመለጠችውን የገዛ ጓደኞቿ ሊጨርሷት ይችላሉ። ስትያዝም ደረቷን መጭመቅ አይገባም። ወፍ እንደ ሰው ደረትን ከሆድ የሚለይ የመተንፈሻ ጡንቻ ስለሌላት የምትተነፍሰው ደረቷን ወደ ላይና ወደ ታች በማንቀሳቀስ ነው፤ አጥብቆ የያዛት ሰው ሳያውቀው ያፍናታል።

ከዚያ በኋላ የሚያስፈልጋት ጸጥታ፣ ጨለማና ሙቀት ነው። የጤነኛ ዶሮ የሰውነት ሙቀት 41 ዲግሪ ያህል ስለሆነ፣ በድንጋጤ የደከመች ዶሮ ለሰው ቀዝቃዛ ባልሆነው በካምፓላ ሌሊት እንኳ ልትበርዳት ትችላለች። ንጹሕ ጨርቅ የተነጠፈበት ካርቶን ይበቃል። በኡጋንዳ በዶሮ ቤት ወለል ላይ የሚነሰነሰው የቡና ገለባ ለጤነኛይቱ መልካም ቢሆንም ትቢያው ከቁስል ጋር ይጣበቃል። «ሲጊሪ» የሚሉትን የከሰል ምድጃ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከአጠገቧ ማስቀመጥም ጭሱ ለባለቤቱም ለዶሮዋም አደጋ ነው፤ ሙቅ ውኃ የተሞላ ጠርሙስ በጨርቅ ተጠቅልሎ ቢቀመጥላት ይሻላል። ጥቂት ስኳርና ቁንጥር ጨው የተጨመረበት ውኃ በፊቷ ይቅረብላት እንጂ በግድ አይጋታት፤ ወደ መተንፈሻዋ ገብቶ ሊገድላት ይችላል።

ስትረጋጋ ቁስሉ ይታጠባል። አንድ ሊትር ውኃ አፍልቶ 9 ግራም ጨው፣ ይኸውም አንድ የሻይ ማንኪያ ተኩል ያህል፣ ጨምሮ ለብ ሲል ደጋግሞ ማፍሰስ ከሁሉ የሚቀድም ሕክምና ነው። በቁስሉ ዙሪያ ያለው ላባ በመቀስ ይቈረጣል እንጂ አይነቀልም። ከዚያ ቀጭን ሻይ እስኪመስል በውኃ የቀጠነ አዮዲን ይቀባል፤ ንጹሕ ማር መቀባትም ይረዳል። አልኮል ግን ሕይወት ያለውን ሥጋ ስለሚያቃጥል መድኃኒት ነው ብሎ ማፍሰስ አይገባም። ጥርስ የወጋውንም ቀዳዳ በመርፌ መስፋት ጀርሙን ከውስጥ ቆልፎ እንደ ማስቀመጥ ነው። በካምፓላ ሙቀት ዝንብ ቁስል ላይ የጣለችው እንቁላል በአንድ ቀን ውስጥ ትል ሊሆን ስለሚችል ጠዋትና ማታ ሳያዩ ማለፍ አይቻልም።

የበላችው ጥሬ ወይም የጠጣችው ውኃ ከአንገቷ ሥር ባለው የመብል ከረጢት ቀዳዳ የሚወጣ ከሆነ፣ ወይም ገላዋ ካበጠ፣ ነገሩ ከቤት ሕክምና አልፏልና ወደ እንስሳት ሐኪም መሄድ ያሻል። የማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ በከተማይቱ ውስጥ የእንስሳት ሐኪሞች ያሠለጥናል። ጀርም ገዳይ መድኃኒትም በሐኪም ትእዛዝ ሲሰጥ ነፍስ ያድናል። ነገር ግን ነጋዴውንም አስተዳዳሪውንም የሚመለከት አንድ ጉዳይ አለ። መድኃኒቱ የተሰጣት ዶሮ ሥጋዋም እንቁላሏም በመድኃኒቱ ወረቀት ላይ የተጻፈው ቀን እስኪያልፍ ድረስ ለምግብ መዋል የለበትም። «ሳትሞት ልሽጣት» ብሎ ከመርፌው በማግስቱ ወደ ገበያ የሚወስዳት ሰው፣ ገዢው ያልከፈለበትንና ያልፈለገውን መድኃኒት ያበላዋል። ይህም ሚዛን ከማዛባት የሚያንስ በደል አይደለም።

አንጀቷ የወጣ ወይም ወገቧ የተሰበረ ዶሮን ማቆየት ርኅራኄ አይሆንም፤ ፈጥኖ መገላገል ይሻላል። አውሬ ገድሏት የተገኘችው ግን አትበላም፤ ውሻ በማይቈፍረው ጥልቀት ትቀበራለች። ባለቤቱ ዶሮዋን ሊያስጥል ሲል ውሻው ወይም ሸለምጥማጡ ነክሶት ከሆነ ዶሮዋን ትቶ የራሱን ቁስል ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውኃ አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም።

የዳነችው ዶሮ ቁስሏ ደርቆ ቆዳው ሳይሸፈን ወደ መንጋው አትመለስም። በመጀመሪያ ጥቂት ቀን በሽቦ ተለይታ እየተያዩ ይቆያሉ፤ ባዕድ ሆና በድንገት የገባች እንደሆነ ጠቡ እንደገና ይጀመራልና። አንድ ጊዜ ዶሮ ያገኘ ጠላትም ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም። ስለዚህ ቁስሉ በሚታጠብበት ሰሞን የቤቱም ቀዳዳ መደፈን አለበት። ተራው የዶሮ ሽቦ ዶሮን ያግዳል እንጂ ውሻን አያግድም፤ ዓይኑ ጠባብ የሆነ ጠንካራ ሽቦ ከግድግዳው ሥር አንድ ክንድ ያህል ወደ መሬት ገብቶ ሲቀበር ነው የሚቈፍረውን የሚያቆመው። ለካሙንዬው ደግሞ ጫጩቶቹ በሚውሉበት ቦታ ላይ መረብ ይዘረጋል፤ ሸለምጥማጡ የሚወጣው ሲመሽ ስለሆነም በሩ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይዘጋል።