ከዶክተርነት በኋላ ያለው ተማሪነት

ዶክተር የተባለ ሰው ትምህርቱን ጨርሷል ብሎ ማሰብ በእኛ ዘንድ የተለመደ ነው። ማዕረጉ ከስሙ ፊት ከተጻፈ ወዲያ የሚጠበቅለት ወንበርና ደመወዝ ብቻ ነው። በነቀርሳ ወይም በካንሰር ምርምር ዓለም ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። ዶክተሩ ማዕረጉን እንደ ያዘ ወደ ሌላ ሊቅ ቤተ ሙከራ ይሄድና እንደገና ደቀ መዝሙር ይሆናል። ይህም ድኅረ ዶክትሬት የሚባለው ጊዜ ብዙ ዓመት ይፈጃል። ቅኔ የተቀኘው የቆሎ ተማሪ አኰፋዳውን አንጠልጥሎ ድጓ ፍለጋ ወደ ሌላ የኔታ እንደሚሻገረው መሆኑ ነው። ነገር ግን የቆሎ ተማሪው ሲያስመሰክር መምህር ይባላል፤ የነቀርሳው ተመራማሪ መቼ እንደሚያስመሰክር አያውቅም።

ይህን ጉዳይ የአሜሪካዊው የሃሮልድ ቫርመስ ታሪክ በደንብ ያስረዳል (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። ቫርመስ በመጀመሪያ ያጠናው የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ነበር። ኋላ ሕክምና ተምሮ በ1970 ሳን ፍራንሲስኮ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ወደ ማይክል ቢሾፕ ቤተ ሙከራ በድኅረ ዶክትሬት ተመራማሪነት ገባ። ቢሾፕም ብዙ ሳይቆይ እንደ እኩያው ይዞት አብረው ይሠሩ ጀመር።

ሁለቱ የተያያዙት ጥያቄ ፔይተን ራውስ በ1911 ከገለጸው የዶሮ ቫይረስ የተነሣ ነው። ቫይረሱ ዶሮውን በነቀርሳ የሚያስይዝበት አንድ ጂን አለው፤ ታዲያ ይህ ጂን ከየት መጣ? ዋናውን ሙከራ በእጁ ያካሄደው ከፈረንሳይ የመጣ ሌላ ድኅረ ዶክትሬት ተመራማሪ፤ ዶሚኒክ ስቴህላን ነበር። የጂኑን ክፍል ለይቶ ምልክት ካደረገበት በኋላ ከጤነኛ ዶሮ ዲ.ኤን.ኤ. ጋር ቢያገናኘው ተዛምዶ ተገኘ። በዳክዬም በኢሙም እንዲሁ ሆነ። እንግዲህ ጂኑ የቫይረሱ የራሱ አልነበረም፤ ከጤነኛ ሴል የተወሰደ ነበር። ነቀርሳ በራሳችን ሴል ውስጥ ያለ ጂን ሲለወጥ ሊነሣ እንደሚችል ለመረዳት መንገዱን የከፈተው ይህ ሥራ ነው። ጽሑፉ በ1976 ሲታተም የመጀመሪያው ስም የስቴህላን ነበር።

በ1989 የኖቤል ሽልማት ለቢሾፕና ለቫርመስ ተሰጠ። ስቴህላን ተበደልሁ ብሎ በይፋ ተናገረ፤ ሸላሚዎቹ ግን ውሳኔያቸውን አልለወጡም። ጥያቄውን ያነሡት ሁለቱ ናቸውና ፍርዱ ቀላል አይደለም። ሆኖም ተማሪ የሚለው ስም የሠራተኛውን ድካም እንዴት እንደሚሸፍን ከዚህ ክርክር ይታየኛል።

ቫርመስ ራሱ በ2014፤ የአሜሪካ ብሔራዊ የነቀርሳ ተቋም ዲሬክተር ሳለ፤ ከ3 ሊቃውንት ጋር ባወጣው ጽሑፍ ሠልጣኙ ከሥራው ቦታ በላይ መብዛቱን ገልጿል። ደመወዛቸው እንዲሻሻል፤ በሠልጣኝነት የሚቈዩበትም ዘመን እንዲወሰን አሳስበዋል።

ደግሞስ ሙከራ የሚያውቅ ሁሉ ቤተ ሙከራ መምራት ይችላልን? ፋይል መያዝና መሥሪያ ቤት መምራት ልዩ ልዩ መሆናቸውን ወጣት ሹማምንቶቻችን ያውቁታል። ተመራማሪውም በጀት መያዝን፤ ሰው መቅጠርን፤ የገንዘብ ጥያቄ መጻፍን የሚያስተምረው ይፈልጋል።

ለእኔ የተሻለ መስሎ የሚታየኝ በ2006 በአሜሪካ የጤና ምርምር ተቋማት የተጀመረው ዕርዳታ ነው። ሠልጣኙ እስከ 2 ዓመት በመምህሩ ሥር ይሠራል፤ የዩኒቨርሲቲ መምህርነት ሲያገኝ ደግሞ እስከ 3 ዓመት የሚሆን የምርምር ገንዘብ ወደ አዲሱ ቦታው ይከተለዋል። ለቅጥር ሲደራደርም ባዶ እጁን አልመጣም።