የዕይታ ፈለግ፦ ከድመት አንጎል ጥናት የተገኙ ስያሜዎች በአማርኛ

በየካ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ለረጅም ዘመን የዓይን ሕክምና ሲሰጥበትና የዓይን ሐኪሞች ሲሠለጥኑበት የኖረ ተቋም ነው። እንዲህ ባለ ስፍራ ሐኪም ለወላጅ በአማርኛ ከሚያስረዳቸው ነገሮች አንዱ አስቸጋሪ ጉዳይ፣ ዓይኑ ጤነኛ መስሎ እየታየ ልጁ በዚያ ዓይን አጥርቶ የማያይበት ምክንያት ነው። ሐኪሞች ሕመሙን አምብሊዮፒያ ይሉታል፤ «ሰነፍ ዓይን» የሚለው ተለምዷዊ ስም ደግሞ ከእንግሊዝኛ እንዳለ የተተረጎመ ነው። የዚህ ትርጉም ጉድለት ጎልቶ የሚታየው በድመት አንጎል ላይ የተደረገውን ጥናት ስንመለከት ነው።

ብርሃን ሬቲና ላይ ሲያርፍ ወደ ነርቭ መልእክት ይለወጣል። መልእክቱ በዕይታ ነርቭ ተጉዞ ከአንጎል ሥር ሲደርስ፣ ከሁለቱ ዓይኖች የመጡት የነርቭ ክሮች ይገናኛሉ። በድመት ከግማሽ የሚበልጡት ክሮች ወደ ተቃራኒው ጎን ያልፋሉ፤ የቀሩት በመጡበት ጎን ይቀጥላሉ። ቦታውን «የዕይታ መስቀለኛ» ማለት ይስማማል፤ «መሻገሪያ» ቢባል ግን ሁሉም የሚሻገሩ ያስመስላል። ከዚያ ብዙዎቹ ክሮች በታላመስ ውስጥ ወዳለው «ጎናዊ ጉልበት መሰል አካል» ይደርሳሉ። በዚህ አካል የሁለቱ ዓይኖች መልእክት በተለያየ ንብርብር ተለይቶ ይቀመጣል፤ በአንድ ሕዋስ ላይ በሰፊው የሚገናኘው ወደ አንጎል የኋላ ክፍል፣ ወደ «ዕይታ ቅርፊት» ሲዘልቅ ነው። ሌሎች ክሮች ዓይንና ራስ ወደሚታየው ነገር እንዲዞሩ ወደሚረዳ አካል ያመራሉ። የዚህ አካል የላቲን ስም «ትንሽ ኮረብታ» ማለት ነው። የእንጦጦን ተራሮች እያየ ለሚውል አንባቢ ግን ይህን ያህል ያነሰ ነገር ኮረብታ ተብሎ ቢቀርብለት ስለሚከብደው፣ «ላይኛው ጉብታ» የሚለውን እንመርጣለን።

ጠቅላላውን መስመር «የዕይታ ፈለግ» ብለነዋል። በግዕዝ አገባብ «ፈለገ ዕይታ» ቢባል ባማረ ነበር፤ ዳሩ ግን የአማርኛ አንባቢ «ፈለገ» የሚለውን ግስ አድርጎ ያነበዋል። ፈለግ በእንጦጦ ባሕር ዛፍ መካከል እንጨት ተሸካሚ እናቶች ሲመላለሱ እንዳወጡት የእግር መንገድ፣ በመመላለስ ብዛት የሚጸና ነው። ምሳሌው ግን እስከ መጨረሻው አያደርስም።

ዴቪድ ሂዩበልና ቶርስተን ቪዝል እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተሙት ሥራ፣ የድመት ግልገሎችን አንድ ዓይን ሸፍነው ካቆዩ በኋላ ከፍተው መረመሩ። ከዕይታ ቅርፊት ሕዋሳት መካከል ለዚያ ዓይን ምላሽ የሚሰጡት እጅግ ጥቂት ሆነው ተገኙ። በአዋቂ ድመት ላይ እንዲህ ያለ ጉዳት አልታየም፤ ግልገል ለጉዳቱ የሚጋለጠው ከ4ኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ እስከ 3ኛው ወር ድረስ ነው። ይበልጥ የሚያስገርመው በ1965 የታተመው ውጤት ነው። ሁለቱም ዓይኖች አብረው ሲሸፈኑ፣ በቅርፊቱ ላይ የደረሰው ጉዳት ከአንዱ ዓይን መሸፈን ከተገመተው ያነሰ ሆነ። እንግዲህ ፈለጉ የጠፋው የሚመላለስበት ስለታጣ ብቻ አይደለም፤ ክፍቱ ዓይን እንደ ጉልበተኛ ጎረቤት ድንበር ገፍቶ የተሸፈነውን ዓይን ይዞታ ስለወሰደም ነው። ሁለቱ ተመራማሪዎች በ1981 ከሮጀር ስፔሪ ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል።

በአንድ ዓይኑ የዓይን ሞራ ይዞ የተወለደ ሕፃን የሚያሰጋውም ይኸው ነው። ሞራው በዓመታት ዘግይቶ ቢወጣ ዓይኑ ይጠራል፤ በአንጎል ውስጥ ያለው ይዞታው ግን ተወስዷል። ስለዚህ ወፍራም ሞራ በመጀመሪያዎቹ የሕይወት ሳምንታት እንዲወጣ ይመከራል። ከዚያም በኋላ ሐኪሙ ደኅናውን ዓይን በየቀኑ ለተወሰነ ሰዓት እንዲሸፈን ያዝዛል። «ሰነፍ ዓይን» የተባለለት ወላጅ ግን ለትእዛዙ ምክንያት አያገኝለትም፦ የሚገሠጸው ሰነፉ ሆኖ ሳለ ትጉሁ ለምን ይታሰራል? ልጁንም «አትኩረህ እይ» ብሎ ይቆጣው ይሆናል። ድንበር ገፊው ለጊዜው ሲታገድ ተገፊው ይዞታውን እንደሚያስመልስ ቢነገረው ግን ነገሩ ይገባዋል።

«ዳፍንት» የሚለውን ነባር ቃል ለዚህ ሕመም ማዋል አይቻልም፤ በጨለማ ማየት ለሚሳነው ሰው ሕመም የተያዘ ነው። ስለሆነም ለመዝገበ ቃላቱ የምናቀርበው ይህን ነው።

የዕይታ ፈለግ ድክመት (ስም)፦ በልጅነት ዘመን አንድ ዓይን በሞራ፣ በመንሸዋረር ወይም በሌላ ምክንያት ጥርት ያለ ምስል ወደ አንጎል ሳይልክ በመቆየቱ፣ የዚያ ዓይን የነርቭ ግንኙነት በዕይታ ቅርፊት ላይ በሌላው ዓይን ተገፍቶ የሚደርስ የማየት ችሎታ ማነስ።